የማሽን ፊደል ገበታ ከየት ይገኛል?

በደጎሎ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

ስገባ በር ላይ አንድ አባት “የዛሬው ደግሞ ስለ ምንድን ነው?” ብለው ጠየቁኝ። “ስለ ኮምፒውተር መዝገበ ቃላት ነው፣ አባባ” አልኋቸው። “እሱስ ለልጆቹ ነው፤ ግን ሰው ከተሰበሰበበት አልቀርም” ብለው ገቡ። ይኸው ከፊት ተቀምጠዋል። ለእርሳቸው ካልገባቸው ጥፋቱ የእኔ ነው።

የመጣሁበት ጉዳይ ጠባብ ነው። አንድ ተማሪ በአሴምብሊ የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ወደሚያውቀው ቁጥር መመለስ ቢፈልግ፣ የሚያመሳክርበትን መጽሐፍ ከየት ያገኛል? ካገኘውስ በኋላ በምን ያምነዋል? በቅድሚያ ይህ መመለስ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በፊደል ገበታ አስረዳለሁ። ቀጥሎ በራሴ ላይ የደረሰ አንድ ጉድ አወራችኋለሁ። ከዚያ ወደ መጻሕፍቱ እሻገርና እንዴት እንደሚገለጡ አሳያለሁ፤ በመጨረሻም እንዴት እንደሚፈተኑ።

ገበያ ውላችሁ ታውቃላችሁ። የስንዴ ነጋዴው ዲጂታል ሚዛን ላይ ጆንያው ሲወጣ ቁጥር ይበራል። በዚያች ሚዛን ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ አለች። ቺፗ አማርኛም እንግሊዝኛም አታውቅም፤ የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ ቁጥር “ደምር” ነው፣ ሌላው “አስቀምጥ” ነው፣ ሌላው “ቁም” ነው። ይህ የማሽን ቋንቋ ይባላል። ሰው ግን ቁጥር በቁጥር የሆነ ጽሑፍ አንብቦ አይዘልቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁጥር አጭር ስም ተሰጠው፤ “አድ” ለመደመር፣ “ሞቭ” ለማዛወር፣ “ኤችኤልቲ” ለመቆም። በእነዚህ ስሞች የሚጻፈው አሴምብሊ ይባላል፤ ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚያወጣው ፕሮግራም ደግሞ አሴምብለር። እ.ኤ.አ. በ1949 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር ሥራ ሲጀምር፣ ዴቪድ ዊለር የተባለ ወጣት በፊደል የተጻፈ ትእዛዝ ወደ ቁጥር የሚመልስ ፕሮግራም በ31 ትእዛዞች ብቻ ጽፎ ጨረሰው። ሥራው ትልቅ፣ ጽሑፉ ግን ከአንድ ገጽ የማይበልጥ።

“ታዲያ አሴምብለር ካለ በእጅ መመለስ ምን ያደርጋል?” የሚል ተማሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለዕለት ሥራ ምንም አያደርግም። ነገር ግን አሴምብለሩንም የጻፈው ሰው ነው፤ እሱ የሚያመሳክርበት ያስፈልገዋል። ቫይረስ የሚመረምር፣ የተበላሸ መሣሪያ ውስጥ ምን እንደተጻፈ የሚያነብ፣ አዲስ ቺፕ የሚሠራ፣ ሁሉም እዚያው ገበታ ላይ ይገናኛሉ። ተማሪ ደግሞ አንድ ጊዜ በእጁ ካልሠራው ኮምፒውተር እስከ መጨረሻው አስማት ሆኖበት ይቀራል።

አሁን ወደ ፊደል ገበታው። እኛ ሁላችን በእንጨት ጠቋሚ “ሀ ሁ ሂ” እያልን አድገናል። የገበታው ጥበብ ምኑ ላይ ነው? ወደ ታች ብትወርዱ ተነባቢው ይለወጣል፣ ወደ ጎን ብትሄዱ አናባቢው ይለወጣል። “ሎ”ን ማንም በተናጠል አልሸመደደም፤ ለ-ን ያወቀ፣ ሰባተኛውን ቤት ያወቀ፣ “ሎ”ን አገኛት። የፊደላችን የኮምፒውተር ቁጥር የተሰጠውም በዚሁ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግእዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ ሲደክሙ ትልቁ ራስ ምታት፣ ለላቲን ፊደል ተብሎ በተሠራ 256 ቦታ ውስጥ የእኛን ረጅም ገበታ ማስፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለፊደላችን የራሱን ሰፊ ቦታ ሰጠው፤ ለእያንዳንዱ ተራም ስምንት ስምንት ቁጥር።

ይህን በከተማችሁ ስም ላሳያችሁ። የኮምፒውተር ሰዎች ቁጥር ሲጽፉ በ16 ነው የሚቆጥሩት፤ ከ9 በኋላ ያሉትን ስድስቱን በላቲን ፊደል ይጽፏቸዋል፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ እያሉ። ስለዚህ “ኢ” ማለት 14 ነው። “ደጎሎ” በዩኒኮድ 12ኤፍ0፣ 130ኢ፣ 120ኢ ነው። ጎ እና ሎ ሁለቱም በ“ኢ” ማለቃቸውን አያችሁ? በአጋጣሚ አይደለም። የገ ተራ በ1308 ይጀምራል፣ የለ ተራ በ1208። ሁለቱም ፊደሎች ሰባተኛ ቤት ናቸው፤ የመጀመሪያው ቤት ራሱ መነሻው ስለሆነ ሰባተኛው ላይ ለመድረስ 6 እርምጃ ነው። 8 ሲደመር 6፣ 14፤ ማለትም “ኢ”። ደ ግን የመጀመሪያ ቤት ስለሆነች መነሻዋ ላይ፣ ዜሮው ላይ ቆማለች።

የማሽን ቋንቋም እንዲሁ ነው የተሠራው። ለምሳሌ የምወስደው 8085 የተባለውን የኢንቴል ቺፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ ዛሬ ያረጀ፣ ለመማር ግን ተወዳዳሪ የሌለው። ይህ ቺፕ ቁጥር የሚይዝባቸው ሰባት ትንንሽ ጓዳዎች አሉት፤ ሬጅስተር ይባላሉ። ስማቸው የላቲን ፊደል ነው፣ በ16 ስንቆጥር ከምንጽፋቸው ፊደሎች ጋር አይምታታባችሁ፤ በተራቸው ቢ 0 ነው፣ ሲ 1፣ ዲ 2፣ ኢ 3፣ ኤች 4፣ ኤል 5፤ 6 ለሜሞሪ ተሰጥቷል፣ ኤ ደግሞ 7 ነው። “ይህን ቁጥር እዚህ ጓዳ አስገባ” የሚለው ትእዛዝ “ኤምቪአይ” ይባላል። ለቢ ሲሆን 06 ነው፣ ለሲ ስምንት ጨምሮ 0ኢ፣ ለዲ ስምንት ጨምሮ 16፣ እንዲህ እያለ ለሜሞሪ 36፣ ለኤ 3ኢ ይደርሳል። “ለ ሉ ሊ” ማለት ነው። ገበታው 16 በ16 ሆኖ 256 ሣጥን አለው፤ ከእነዚህ 246ቱን ኢንቴል በማኑዋሉ ይፋ አድርጓል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ፣ ስለምወደው ነው። ከ40 እስከ 7ኤፍ ያለው የገበታው ክፍል በሙሉ “ከዚህ ጓዳ ወደዚያ ጓዳ አዛውር” የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ስምንት በስምንት፣ 64 ሣጥን። ከመካከሉ አንዱ ሣጥን፣ 76፣ እንደ ሥርዓቱ ቢሆን “ከሜሞሪ ወደዚያው ሜሞሪ አዛውር” ማለት በሆነ ነበር። ይህ ከንቱ ሥራ ነው። መሐንዲሶቹ ያችን ሣጥን አላባከኗትም፤ “ቁም” የሚለውን ትእዛዝ አስቀመጡባት። ገበታን በማስተዋል የሚያነብ ሰው የሠሪዎቹን ሐሳብ ጭምር ያነባል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሻገር፣ ወደ ጉዴ። ተማሪ ሳለሁ ላቦራቶሪ ውስጥ የ8085 መለማመጃ ሰሌዳ ነበር። ስክሪን የለውም፤ ቁጥር መጫኛ ቁልፎችና ቀይ የሚበሩ ስድስት አኃዞች ብቻ። ፕሮግራሙን በወረቀት በአሴምብሊ ትጽፋለህ፣ ከገበታ እየፈለግህ ወደ ቁጥር ትመልሳለህ፣ አንድ በአንድ ትጫናለህ። የትምህርት ቤቱን ስም ተዉት። ገበታችን ፎቶ ኮፒ ነበር፤ የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ፣ የዚያም ፎቶ ኮፒ። በየዓመቱ አንድ ተማሪ ለታናሹ ያወርሰዋል፤ በየዓመቱ ትንሽ ይጠቁራል፣ ትንሽም ይደበዝዛል።

የተሰጠን ሥራ ሕፃን የሚሠራው ነው፤ 5 እና 3ን ደምሮ 2050 በተባለው የሜሞሪ ቦታ ማስቀመጥ። ትክክለኛው ጽሑፍ ይህ ነበር፤ 3ኢ 05፣ 06 03፣ 80፣ 32 50 20፣ 76። “5ን በኤ አስገባ፣ 3ን በቢ አስገባ፣ ቢን በኤ ላይ ደምር፣ ድምሩን 2050 ላይ አስቀምጥ፣ ቁም” ማለት ነው። እኔ ሠርቼ ሳየው 2050 ላይ 8 መሆን ሲገባው ጭራሽ የማይገናኝ ቁጥር አለ። ደገምሁት፤ ሌላ የማይገናኝ ቁጥር። ሰሌዳው ተበላሽቷል አልሁ። ሰሌዳ ለወጥሁ፤ ያው ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ከዚያችው ወረቀት ስለሚገለብጥ እሱም እንደ እኔ ተሳስቷል፤ እንዲያውም ሁለታችን መስማማታችን ትክክል እንደሆንን ማስረጃ መስሎን ነበር። ከሰዓቱ በሙሉ እንዲሁ አለቀ።

ጥፋቱ የተገኘው በማግሥቱ ነው። የላቲኑ “ኢ” የቀኝ ጎኑ በቀለም ተሞልቶ 6 መስሏል። ገበታው ላይ ያነበብሁት 3ኢ ሳይሆን 36 ነበር። 36 ደግሞ ባዶ ሣጥን አይደለም፤ “ለሜሞሪ አስገባ” የሚል እውነተኛ ትእዛዝ ነው። ማሽኑም ያዘዝሁትን በታማኝነት ፈጸመ፤ 5ን ወስዶ የሆነ የሜሞሪ ጥግ ጣለው፣ ከዚያ በኤ ውስጥ ከቀድሞ የተረፈውን ቁጥር አንሥቶ 3 ጨመረበት። የቁጥሮቹ ብዛት ስላልተዛባ የቀረው ሁሉ ያለ እንከን ሄደ። ስህተቱ ፕሮግራሙን ቢያቆመው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ባገኘሁት።

ይህን የማወራው ለመሳቅ ብቻ አይደለም። ያኔ ከተማርሁት፣ ዛሬም ከምከራከርለት ነገር አንዱ እዚህ ላይ ነው። እኔ የያዝሁት ገበታ ቁጥሮቹን ብቻ የሚሰጥ ነበር። ምክንያቱን የሚሰጥ፣ “ከ6 ተነሣ፣ ለእያንዳንዱ ጓዳ ስምንት ጨምር” የሚል አንድ መስመር ከሥሩ ቢኖረው ኖሮ፣ ቀለሙ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ የኤን ቁጥር በጣቴ ቆጥሬ አወጣው ነበር። የኤ ቁጥር 7 ነው፤ ሰባት ጊዜ ስምንት 56፣ ሲደመር 6፣ 62። 62 በ16 ሲቆጠር 3ኢ ነው፤ 36ማ 54 ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ስትመርጡ ገበታ ያለውን ሳይሆን ገበታው እንዴት እንደተሠራ የሚናገረውን ምረጡ። ሰነፍ ሰው ገበታውን ብቻ ቀዶ ይወስዳል፤ የሚያስፈልገው ገጽ ግን ከገበታው በፊት ያለው ነው።

እናንተ ዘንድ ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየደብሩ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ መምህራን የየዓመቱን የጾምና የበዓል ቀን የሚያወጡት ከተጻፈ ሰንጠረዥ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓቱን ይዘውታል። 2017 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5500 ሲጨመርበት 7517 ይሆናል፤ በ19 ተካፍሎ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት 1 ይተርፋል፣ አበቅቴው ነው። በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉት 29 ይተርፋል፣ መጥቅዑ ነው። 1 እና 29፣ 30። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ አስሊው የሆነ ቦታ ተሳስቷል፤ ተመልሶ ያያል። ሰንጠረዡ ቢቃጠል ሥርዓቱ ይተካዋል። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ፤ አንድ ያልነገርኋችሁ ቀዳዳ አለው።

እሺ፣ መጻሕፍቱ የት አሉ? ይህ ክፍል አጭር ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ቀላል ነው፤ ከሠሪው ዘንድ። ቺፕ የሚሠራ ኩባንያ ማኑዋሉን ካላወጣ ቺፑን የሚገዛው የለም፤ ስለዚህ ያወጣል፣ በነጻም ይሰጣል። ዛሬ በአብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ላለው የኢንቴል ቤተሰብ፣ የኢንቴል 64 እና አይኤ-32 የሶፍትዌር ሠሪዎች ማኑዋል አለ፤ አራቱ ቅጽ አንድ ላይ አምስት ሺህ ገጽ ገደማ ነው። አትደንግጡ፤ ለዛሬው ጉዳያችን የሚፈለገው ሁለተኛው ቅጽ ብቻ ነው። ኤኤምዲ ለራሱ ቺፖች የሚያወጣው ማኑዋል ሦስተኛ ቅጹ ለዚሁ ነው። በስልካችሁ ውስጥ ላለው ለአርም ደግሞ የአርም ማኑዋል አለ፣ እሱ ከአሥር ሺህ ገጽ በላይ ነው። ለአሮጌዎቹ፣ ኩባንያው ራሱ ለረሳቸው፣ ቢትሴቨርስ የሚባል የድሮ ማኑዋሎች ማኅደር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመውን የ8085 መጽሐፍ፣ ኤምሲኤስ-85 የሚባለውን፣ እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው። ሁሉም ፒዲኤፍ ነው፤ አንድ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከደሴ በወረኢሉ ይመጣል። ኔትወርክ ቢጠፋም፣ መንገዱ በክረምት በዋልካ ጭቃ ቢያዝም መጽሐፉ እጃችሁ ላይ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ከኢንቴል አትጀምሩ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌ የተጀመረው ሪስክ ፋይቭ የሚባለው ሥርዓት ለማንም ክፍት ነው፤ መሠረታዊ ትእዛዞቹ ሁሉ እኩል ርዝመት አላቸው፣ 32 ቢት። ገበታውም ጥቂት ገጽ ነው። የኢንቴል ትእዛዝ ግን አንዱ አንድ ባይት፣ ማለትም በ16 ሲጻፍ ባለሁለት አኃዝ የሆነ አንድ ቁጥር፣ ሌላው እስከ 15 ባይት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ 8086 ቺፕ ጀምሮ የቀድሞው ሳይፈርስ በላዩ እየተጨመረበት የመጣ ቤት ነው፤ አባት የሠራው ጎጆ ላይ ልጅ ያከለበት፣ የልጅ ልጅም ያከለበት።

መጽሐፉን ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ መግለጥ ሌላ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚወድቀው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? ደስታ ተክለ ወልድ ከፍጻሜ አድርሰውት በ1948 ዓ.ም. የታተመው ነው። አንድ ወጣት “ሀ ሁ”ን ተማምኖ ቢከፍተው የፈለገውን አያገኝም፤ የቃሉ ቅደም ተከተል በ“አበገደ” ነውና። ተራውን ቢያውቅ እንኳ፣ ቃሉ በሥሩ፣ በግሡ ነው የተቀመጠው። ሥሩን ያላወቀ “መጽሐፉ ይህን ቃል አላመጣውም” ብሎ ይዘጋዋል። መጽሐፉ አምጥቶታል፤ በሌላ በር ነው የገባው እንጂ።

የኢንቴል ማኑዋልም ልክ እንደዚያ ነው። አንድ ተማሪ “ጄኢ” የሚለውን ትእዛዝ፣ “እኩል ከሆነ ዝለል” ማለት ነው፣ በፊደል ተራው ይፈልጋል። የለም። “ጄኤንኢ”ንም ይፈልጋል፣ የለም። ሁሉም “ጄሲሲ” በሚል አንድ ርዕስ ሥር እንደ ቤተሰብ ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ በዚያ ገጽ ጄኢ 74 መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ሌላም አለ። በየገጹ ከትእዛዙ ጎን፣ ለምሳሌ “01” ብሎ ከአጠገቡ ዘንበል ያለ መሥመርና “አር” የሚል ምልክት ይመጣል። ይህ ምልክት ቁጥር አይደለም፤ “ቀጥሎ የሚመጣውን ባይት አንተ ሥራው፣ ሬጅስተሮቹን በውስጡ አስገባ” የሚል መመሪያ ነው። የዚህ ምልክት ትርጉም በየገጹ አይደገምም፤ በሁለተኛው ቅጽ መጀመሪያ ምዕራፎች አንድ ጊዜ ተነግሯል፣ አለቀ። ማንም የማያነበው የመጽሐፍ መግቢያ እንዲህ ያስከፍላል።

የስም ነገርም አለ። ዛይሎግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ዜድ80 የሚባል ቺፕ አወጣ፤ የ8085 ቀዳሚ የሆነውን የኢንቴልን የ8080 ቺፕ ትእዛዞች በቁጥራቸው ወስዶ ስማቸውን ግን ለወጠ። 3ኢ እዚያም “በኤ አስገባ” ነው፤ ስሙ ግን “ኤምቪአይ” ሳይሆን “ኤልዲ” ሆኗል። የዜድ80 መጽሐፍ ይዞ የ8085 ትእዛዝ የሚፈልግ ልጅ ቢደናገር አይፈረድበትም። እኛ ግን ለዚህ የተፈጠርን ሰዎች ነን። “ሦስት ሰዓት” ስንል ፈረንጁ “ዘጠኝ” ይላል፤ ፀሐይዋ ያው አንድ ቦታ ላይ ናት። አውቶቡስ የሚያመልጠው ትኬቱ በማን ሰዓት እንደተጻፈ ያልጠየቀ ሰው ነው። መጽሐፍ ስትከፍቱ መጀመሪያ “በማን አጠራር ነው የተጻፈው?” በሉ።

ቅድም 2050 የሚለውን ቦታ 50 20 ብዬ ገልብጬ መጻፌን ልብ ያለው ካለ፣ ስህተት አይደለም። ኢንቴል ትንሹን ቀድሞ ይጽፋል። ወሎ ውስጥ ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ ይህ አይገርመውም፤ በዐረብኛ 23 ሲነበብ “ሦስትና ሃያ” ነው፣ ትንሹ ይቀድማል።

አሁን ወደ መጨረሻው ነገር፣ ወደ መፈተኑ። በእጅ የመለሳችሁትን በአሴምብለር አስመልሳችሁ ማስተያየት ትችላላችሁ፤ አሴምብለሮች ከስሙ ጎን ቁጥሩን የሚያሳይ ዝርዝር ያወጣሉ። በተቃራኒውም ቁጥሩን ሰጥታችሁ ስሙን የሚነግራችሁ አለ፤ ሊኑክስ ላይ ኦብጅደምፕ የሚባለው ይህን ይሠራል። በቀድሞው ዶስ ላይ ዲበግ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሁለቱንም ይሠራ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ መልሱ ስለተለየ ብቻ ተሳሳትሁ አትበሉ። “ኢቢኤክስ የተባለውን ሬጅስተር ኢኤኤክስ በተባለው ላይ ደምር” የሚለው ትእዛዝ በኢንቴል 01 ዲ8 ተብሎም 03 ሲ3 ተብሎም ይጻፋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሥራቸውም አንድ ነው። አሴምብለሩ የወደደውን ይመርጣል። “ፀሐይ”ን አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ እንደሚጽፈው ነው። ስለ ፊደሉ እኛ ዕድሜ ልካችንን ተከራክረናል፤ ማሽኑ ግን በሁለቱም ይደምራል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው፤ ቅድም ቀዳዳ ያልሁት። በባሕረ ሐሳቡ አስሊው ወንበሩን ከመነሻው ቢሳሳት፣ 11 ማለት ሲገባው 10 ቢል፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ይወጣል፤ ተደምረው 30 ይሞላሉ። ፈተናው አለፈ፣ መልሱ ግን የሌላ ዓመት ነው። ከአንድ ስህተት የተወለዱ ሁለት መልሶች ይስማማሉ። እኔና ያ ጓደኛዬም የተስማማነው እንዲሁ ነበር፣ ከአንዲት የደበዘዘች ወረቀት። አሴምብለርም ሆነ መልሶ የሚያነበው ፕሮግራም ከአንድ ገበታ ተሠርተው ከሆነ፣ ገበታው ላይ ያለውን ስህተት አብረው ያጸድቁላችኋል። ስለዚህ ምስክር ስታመጡ ከሌላ ሰፈር አምጡ፤ የኢንቴልን መጽሐፍ በኤኤምዲ መጽሐፍ፣ አንዱን አሴምብለር በሌላ ሰው በተጻፈ አሴምብለር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሱን ቺፑን ጠይቁት። 5 እና 3 ሰጥታችሁት 8 ካላመጣ፣ መጽሐፍ ሁሉ ቢመሰክርላችሁ ተሸንፋችኋል።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ከፊት ያሉት አባትም አላንቀላፉም፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የጠቀስኋቸውን ማኑዋሎች በሙሉ በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ትቼው እሄዳለሁ፣ የፈለገ ኮፒ ያድርግ። ከዚያ በተጨማሪ የ8085ን ገበታ በትልቅ ወረቀት አትሜ አምጥቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሥርዓቱ ከሥሩ ተጽፏል። ሦስት ሣጥኖችን ግን ሆን ብዬ ባዶ ትቻቸዋለሁ፤ እርሳሱ በክር ታስሮ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ከዚህ ስትወጡ ሙሏቸው።